ቮልስን የሠራው ሰው፦ የፈርዲናንድ ፖርሽ ሕይወት

  

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ የጠበቀቻቸው መኪና ሮልስ ሮይስ አልነበረችም። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸው ቮልስዋገን ናት፤ እኛ ቮልስ የምንላት። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ቮልስ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የመምህሩ መኪና፣ የነርሷ መኪና፣ የጡረተኛው መኪና። ወደ ቢሾፍቱና ወደ ናዝሬት የሚወርድ ቤተሰብ በእኛ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ሲያልፍ አምስት ስድስት ሆኖ የሚጠቀጠቅባት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊት ኮፈኗን የከፈተ ሰው ሻንጣ የሚያገኝባት። ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውሃ ፈላብኝ የማትል።

ይቺን መኪና የሠራው ሰው ከሞተ 70 ዓመት አልፎታል። ስሙ ግን ዛሬም በየሳምንቱ መጨረሻ በውድድር ሜዳ ላይ ይሮጣል። ፈርዲናንድ ፖርሽ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ ዓ.ም እንላለን።)

መኪናው አንድ፣ ሰዉ ልዩ ልዩ

መጀመሪያ ስለ ውድድሩ ትንሽ እንበል። ካሬራ ካፕ ይባላል። ጀርመን የራሷ ብሔራዊ ሻምፒዮና አላት፣ እንግሊዝ የራሷ፣ ፈረንሳይ የራሷ፣ ጣሊያንም የራሷ። ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ተወዳዳሪ የሚነዳው አንድ ዓይነት መኪና ነው። ፖርሽ 911። ሞተሩ ተመሳሳይ ነው፣ ማንም ከፍቶ እንዳይነካካውም ይታሸጋል። ጎማው አንድ ዓይነት፣ ካምቢዮው አንድ ዓይነት። ቡድኖች ማስተካከል የሚፈቀድላቸው እንደ ጎማ ንፋስ ያሉ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ነው።

ቃሊቲ መንጃ ፈቃድ ሊፈተን ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መኪናው የማሰልጠኛው ነው፤ ኮኑ ለሁሉም የተተከለው አንድ ቦታ ነው። ኮን የገጨ ሰው መኪናውን ቢወቅስ የሚሰማው የለም። በፈረስ ጉግስ ያሸነፈው ፈረሱ ነው ወይስ ፈረሰኛው እየተባለ እስኪመሽ ይከራከራል። በካሬራ ካፕ ይህ ክርክር የለም። ፈረሱ አንድ ስለሆነ የሚመዘነው ፈረሰኛው ብቻ ነው።

የፖርሽን ሕይወት ስናገላብጥ ይቺ ሐሳብ አልለቅ አለችን። ሰውየው መኪና በመሥራት በዘመኑ የሚስተካከለው ጥቂት ነበር። የሠራውን ለማን እንደሚሠራ በመምረጥ ግን ሌላ ፈተና ነበረበት። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

የባትላሜራው ልጅ

ፖርሽ የተወለደው መስከረም 3 ቀን 1875 ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ነው። ቦታው ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው። አባቱ አንቶን ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ በእኛ ጋራዥ ቋንቋ ባትላሜራ እንበለው። ልጁ ሥራውን እንዲወርስለት ይፈልግ ነበር። ፈርዲናንድ ቀን ከአባቱ ጋር ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ ማታ በአቅራቢያው ከተማ ራይሸንበርግ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማራል። ልቡ ግን ያለው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው የቤተሰቡን ቤት በኤሌክትሪክ መብራት አበራው።

በ18 ዓመቱ ቪየና ሄዶ አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። ከሥራ ሲወጣ ሳይመዘገብ ዩኒቨርሲቲ እየገባ ከኋላ ተቀምጦ ትምህርት ያዳምጥ ነበር። ዲግሪ አልነበረውም። በኋላ ዶክተር የተባለው በክብር ዶክትሬት ነው፤ በ1917 ከቪየና፣ በ1924 ደግሞ ከሽቱትጋርት።

ቀጥሎ ለኦስትሪያ ቤተ መንግሥት ሠረገላ ይሠራ ወደነበረው ወደ ሎነር ገባ። እዚህ ጋ ቆም በሉ! በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበው የሎነርና የፖርሽ መኪና የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ሞተሮቹ የፊት ጎማዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ ካምቢዮ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ባትሪው በጣም ከባድ ስለሆነበት ደግሞ ቤንዚን ሞተር ጄኔሬተር እንዲያዞር፣ ጄኔሬተሩ ጎማዎቹን እንዲያዞር አደረገ። ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው መሆኑ ነው። በ1971 ጨረቃ ላይ የተነዳው የአሜሪካኖች መኪናም በየጎማው የየራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ነበረው። ሀገራችን የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላ ሁሉም ስለ ባትሪ በሚያወራበት በዚህ ሰዓት፣ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑን ማወቅ ደስ ይላል።

የሚሠራውን ራሱ የሚነዳ

በ1906 የኦስትሮ ዳይምለር ቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ። ፖርሽ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሥዕል የሚሥል ብቻ አልነበረም፤ የሠራውን ራሱ ይነዳል። በ1910 የልዑል ሃይንሪሽ ጉዞ በሚባለው ትልቅ ውድድር ኦስትሮ ዳይምለር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሲወጣ፣ አንደኛ የወጣችውን መኪና የነዳው እሱ ነው። ከዚያ ዓመት በፊት በ1909 ወንድ ልጁ ፌሪ ሲወለድም አባትየው ቤት አልነበረም፤ ሴመሪንግ ተራራ ላይ እየተወዳደረ ነበር።

በ1922 ሳሻ የምትባል ትንሽ መኪና ሠርቶ ሲሲሊ ደሴት ላይ በሚካሄደው ታርጋ ፍሎሪዮ በምድቧ አሸነፈች። እሱ ግን ለውድድር የሚወጣው ገንዘብ አነሰኝ እያለ ከአለቆቹ ጋር ይጋጭ ነበር። በ1923 ለቅቆ ሽቱትጋርት ዳይምለር ገባ። በዓመቱ እሱ ያሻሻላት መርሴዲስ ታርጋ ፍሎሪዮን በጠቅላላ አሸነፈች። እዚያም ብዙ አልቆየም፤ ከአለቆቹ ጋር አልተስማማም፣ ውሉ አልታደሰም። ሽታየር የሚባል የኦስትሪያ ኩባንያ ሄደ፤ እሱንም የኢኮኖሚ ቀውሱ መታው። እንግዲህ ሰውየው 55 ዓመት ሞልቶታል፣ ስሙ ገንኗል፣ ሥራ ግን የለውም።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ቢሮ

በ1931 ሽቱትጋርት ላይ የራሱን የዲዛይን ቢሮ ከፈተ። አክሲዮኑ የሦስት ሰዎች ነበር። 80 በመቶው የፖርሽ፣ 10 በመቶው የአማቹ የጠበቃው የአንቶን ፒየህ፣ 10 በመቶው ደግሞ የአዶልፍ ሮዘንበርገር።

ይህን የመጨረሻውን ስም ያዙልን። ሮዘንበርገር በመርሴዲስ ብዙ ውድድር ያሸነፈ የታወቀ እሽቅድድም ነጂ ነበር። ቢሮው ገንዘብ ሲያጥረው ገንዘብ ያመጣው፣ ሥራ የፈለገውም እሱ ነው። አይሁዳዊም ነበር።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት የጀርመን የውድድር መኪናዎች ዓለምን እንዲያሸንፉ ገንዘብ መደበ። ፖርሽ ለአውቶ ዩኒየን 16 ሲሊንደር ሞተር ከነጂው ጀርባ የተቀመጠበትን መኪና ሠራ። ያኔ ሁሉም ሞተር ከፊት ነበር፤ ዛሬ ፎርሙላ ዋን ሁሉ ከኋላ ነው። መኪናዋ አስፈሪ ነበረች። በእሷ በ1936 የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው በርንድ ሮዘማየር ከሁለት ዓመት በኋላ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲል በአውራ ጎዳና ላይ ሞተ።

በ1934 ደግሞ ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና የመሥራት ውል ተፈራረመ። ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ዋጋው ከ1,000 ማርክ በታች፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ቤተሰብ የሚይዝ። ሙከራዎቹ በ1936 በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነዱ። በዚያው ዓመት የሂትለር ወዳጅ የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች የእኛን የአቃቂን አውሮፕላን ማረፊያ እየደበደቡ ነበር። ያ ሥርዓት በአንድ በኩል ለሕዝቤ መኪና እሰጣለሁ ይላል፣ በሌላ በኩል ሕዝብ ይጨርሳል።

ሮዘንበርገርስ? በ1935 አክሲዮኑን በ3,000 ማርክ አስረክቦ ወጣ፤ ለድርሻው እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ታሰረ፤ ማጎሪያ ካምፕም ገባ። ሌሎች ሰዎች አስለቀቁትና ከሀገር ወጣ። መጨረሻው አሜሪካ ሆነ፤ እዚያም ስሙን ቀይሮ አለን ሮበርት ተባለ። ፖርሽ ደግሞ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በኋላም የኤስ ኤስ ማዕረግ ተሰጠው።

የሕዝብ መኪና ለሕዝብ ሳትደርስ

በግንቦት 1938 ሂትለር ራሱ ተገኝቶ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሠራተኛው በሳምንት 5 ማርክ ቴምብር እየገዛ ደብተሩ ላይ ይለጥፍ፣ 990 ማርክ ሲሞላ መኪናውን ይረከብ ተባለ። በእኛ ሀገር ዕቁብ የጣለ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ተራው እስኪደርስ ያልማል። ከ300 ሺህ በላይ ሰው ቆጠበ። በዚያ ቁጠባ መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ወታደራዊ መኪና ማምረት ጀመረ።

ፖርሽም ታንክ መንደፍ ገባ። ስሙ የተሰጠው ፈርዲናንድ የሚባል ከባድ የጦር ተሽከርካሪ ሳይቀር ነበር። ፋብሪካውን የሚመሩት እሱና አማቹ ፒየህ ናቸው። እዚያ ይሠሩ ከነበሩት አብዛኞቹ ደግሞ ወደው የመጡ አልነበሩም። የጦር ምርኮኞች፣ ከፖላንድና ከሶቪየት ኅብረት በግድ የተጋዙ ወጣቶች፣ ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ እስረኞች ነበሩ። በግዳጅ የመጡ ሴቶች ሲወልዱ ሕፃናቱን እየነጠቁ ሩየን በሚባል ቦታ ያስቀምጧቸው ነበር። ከ300 በላይ ጨቅላዎች እዚያ አለቁ። ኃላፊ የነበረው የፋብሪካው ሐኪም ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዞች ችሎት ሞት ተፈርዶበታል።

ይህን የምንጽፈው ቮልስ የሚወድ አንባቢያችንን ለማሳዘን አይደለም። ግን የሰውየውን ታሪክ ስንናገር ይህን ዘልለን ወደ 911 ብንሄድ ታሪክ ነገርናችሁ ማለት አንችልም። ፖርሽ ሽጉጥ አልተኮሰ ይሆናል። ሠራተኛ ሲያጥረው ግን ሠራተኛው ከየት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።

እስር፣ ዋስትናና የመጨረሻዋ መኪና

ጦርነቱ አለቀ። በታኅሣሥ 1945 ፈረንሳዮች ለሥራ እንነጋገር ብለው ባደን ባደን ከተማ ጠሩት፤ እዚያው እሱንና ፒየህን አሰሯቸው። 70 ዓመቱ ነበር። ወደ 20 ወር ገደማ በእስር ቆየ። ከዚያ ውስጥ ለዲዦን እስር ቤት የዳረጉት ወራት ጤናውን ክፉኛ ጎዱት።

ዋስትና አንድ ሚሊዮን ፍራንክ ተጠየቀ። ይህን ገንዘብ ልጁ ፌሪ ከየት አመጣ? ከውድድር መኪና! ፒዬሮ ዱዚዮ የሚባል ጣሊያናዊ ባለሀብት ቺሲታሊያ ለሚለው ኩባንያው የግራንድ ፕሪ መኪና እንዲነድፉለት ከፈላቸው። ያቺ መኪና አንድም ግራንድ ፕሪ ሳትሮጥ ቀረች። ገንዘቡ ግን አዛውንቱን በነሐሴ 1947 ከእስር አወጣ። በ1948 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ከክሱ ነፃ አደረገው።

ሲመለስ ልጁን ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የድሮ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ አገኘው። ፌሪ በቮልስ ዕቃዎች የስፖርት መኪና እየሠራ ነበር። ሰኔ 8 ቀን 1948 የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 መንገድ ላይ እንድትወጣ ፈቃድ አገኘች። አካሏን በእጅ የቀጠቀጡት ባለሙያዎች ናቸው። የባትላሜራው ልጅ፣ የባትላሜራ ሥራ ወደሚሠራበት ቤት ተመለሰ ማለት ነው።

በ1950 ሮዘንበርገር ጉዳይ ተቋጨ። የተወሰደበትን ድርሻ ጠይቆ በስምምነት 50 ሺህ ማርክና አንድ መኪና ተሰጠው። ከፖርሽና ከቮልስ ምረጥ ሲባል ቮልስ መረጠ። ወደ ኩባንያው አልተመለሰም፤ በ1967 አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ስሙ ለረጅም ጊዜ በኩባንያው ታሪክ እምብዛም አይነሳም ነበር።

ፈርዲናንድ ፖርሽ በኅዳር 1950 ስትሮክ መታው፤ ጥር 30 ቀን 1951 በ75 ዓመቱ ሽቱትጋርት ውስጥ አረፈ። አምስት ወር አልቆየም፣ በሰኔ አንዲት 356 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ምድቧን አሸነፈች። የሚገርመው፣ ያሸነፈችው እሱን ባሰረችው በፈረንሳይ ምድር ነው፤ ነጂዎቿም ሁለት ፈረንሳውያን ነበሩ።

ከሞት በኋላ የመጣው እኩልነት

ቮልስ እውነተኛ የሕዝብ መኪና የሆነችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የካቲት 17 ቀን 1972 የፎርድ ቲን የምርት ቁጥር አልፋ በዓለም በብዛት የተመረተች መኪና ሆነች። በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ሲያበቃ 21,529,464 ደርሳ ነበር። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ዛሬም በአቃቂ መንገድ እየተንጓጉ ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጀመርነው ውድድር እንመለስ። አሜሪካኖች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፎርሙላ ቪ የሚባል ውድድር ፈጠሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሞተር፣ ካምቢዮና የፊት እግር ከቮልስ ይወሰድ፣ ሁሉም በዚያው ይሽቀዳደም። 1,200 ሲሲ ብቻ! ገንዘብ የሌለው ወጣት ጋራዡ ውስጥ ሊሠራት ይችላል። ኒኪ ላውዳ፣ ኤመርሰን ፊቲፓልዲና ኬኬ ሮዝበርግ በዚህ በኩል አልፈው ሦስቱም የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ለጡረተኛ የተሠራ ነው የምንለው ሞተር ሻምፒዮኖችን አሳድጓል።

ፌሪ በ1963 ያስተዋወቃት 911 ደግሞ የቮልስ የልጅ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ሞተሯ ከኋላ፣ ለብዙ ዓመታትም በአየር የምትቀዘቅዝ ነበረች። ኩባንያው በ1986 በጀርመን 944 ተርቦ የምትባለውን ሞዴል ይዞ የአንድ ዓይነት መኪና ዋንጫ ጀመረ። በ1990 ቦታውን 911 ወሰደችና ካሬራ ካፕ ተባለ። በ1993 ከፎርሙላ ዋን ጋር በየሀገሩ የሚዞረው ሱፐርካፕ መጣ፣ በ2003 እንግሊዝ የራሷን ጀመረች። ፌራሪም በ1993 የራሱን የአንድ መኪና ውድድር ከፍቷል።

እርግጥ እኩልነቱ ከበሩ በኋላ ነው። አዲስ የካፕ መኪና ከ200 ሺህ ዩሮ በላይ ያወጣል፤ የጎማ፣ የመካኒክና የጉዞ ወጪ ሳይቆጠር። በሩን ማለፍ የቻለ እኩል ይወዳደራል፣ ያልቻለ ከአጥር ውጭ ያያል። የፎርሙላ ቪ ቮልስ ለዚህ ነው የምትናፈቀን። አቃቂና ቃሊቲ ውስጥ ስንት ብረት ቤት፣ ስንት ጋራዥ፣ ስንት እጁ የተፈታ ወጣት አለ! አንድ ዓይነት ርካሽ መኪና፣ የታሸገ ሞተርና የታጠረ ሜዳ ቢገኝ፣ ሌሊት በቀለበት መንገድ ነፍሱን አስይዞ የሚሽቀዳደመው ልጅ ችሎታውን የሚያሳይበት ቦታ ያገኝ ነበር።

ስለ ፖርሽስ ምን እንበል? ሊቅ ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። እኛ ግን ከሕይወቱ የወሰድነው የካሬራ ካፕን ሕግ ነው። ሮዘንበርገርና ፖርሽ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሥራ ላይ ነበሩ። ክፉው ዘመን ሲመጣ አንዱ ተገፍቶ ወጣ፣ ሌላው ወንበሩን አደላድሎ ተቀመጠ። ተገፍቶ የወጣው ምርጫ አልነበረውም። የተቀመጠው ነበረው። ያን ምርጫ መኪናው ላይ ማሳበብ አይቻልም።

በቤታችሁ ቮልስ የነበረች ወይም ዛሬም ያለች ካለ፣ ታሪኳን ከፎቶዋ ጋር ላኩልን። የአቃቂ ቃሊቲን ቮልሶች ሰብስበን አንድ ቀን እናቀርባቸዋለን።